ይደርቃል የተባለው ምንጭ

ከፎንቆ አጠገብ
ኅዳር 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ኤሊያስ ኤርሲዶ፣ አዲስ አበባ

ወንድም ጋሼ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ሹራቡ ደርሶናል። እጅጌው ረዝሞ ነበር፤ አማ አጥፋ ሰፋችውና አሁን እናትና ልጅ በተራ እንለብሰዋለን። "ደብዳቤ መጻፍ ለምን ተውሽ?" ብለኸኛል። አንተ ስለተውክ ነዋ! ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጠህ የጻፍክልኝ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። መሥሪያ ቤትህ እኛ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ ግን ናፈቅንህ። ይሁን፣ ባቡሩን እግዜር ይስጠው።

ስብሰባው እንዴት እንደነበር ንገሪኝ ስላልክ ልንገርህ። አራት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ፤ አለቃቸው ወይዘሮ ሂሩት የሚባሉ ናቸው። ሕዝቡ ትምህርት ቤታችን ግቢ፣ ከዝግባው ሥር ተሰበሰበ። አማርኛ የማይሰማው ስለሚበዛ ወደ ሐዲይኛ፣ ከሐዲይኛም ወደ አማርኛ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሜዳችን ላይ የባቡር ግቢ ሊሠራ ታስቧል አሉ፤ ባቡሮቹ የሚያድሩበት፣ የሚታጠቡበትና የሚጠገኑበት ሰፊ ቦታ ማለት ነው። ግቢው በአገሩ፣ በውሃውና በከብቱ ላይ የሚያመጣው ጉዳት እንዳለ ሕዝቡ ራሱ ይናገር ተባለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመቼ ወዲህ ነው እኛ የምንጠየቀው?

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው! ጩኸቱ ያረገዘች ላም ያስወርዳል ወይ? ሐዲዱ በፀሐይ ሲግል የሕፃን እግር ያቃጥላል ወይ? አንድ ሽማግሌ፣ ባቡሩ ወደ ኋላ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ይችላል ሲባሉ፣ "እንግዲያው ደህና ነው፤ ቢሳሳት ይመለሳል ማለት ነው" ብለው ተቀመጡ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

እናትህም አልቀረችም። ተነስታ፣ "ሲታጠብ እጣቢው በየት በኩል ይወርዳል?" አለች። ወይዘሮ ሂሩት ቀና ብለው አዩዋትና ጻፉት። ለመሆኑ ባቡር በምን ይታጠባል? በሳሙና ነው? እኔም ጓጉቻለሁና መልሱን ጻፍልኝ።

እህትህ ጵርስቅላ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለመምህርት ጵርስቅላ ኤርሲዶ

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከትንሽ ሳል በቀር ደህና ነኝ። ወቀሳሽን ተቀብያለሁ፤ ጥፋተኛ ነኝ።

ባቡር በሳሙና ብቻ አይታጠብም። ከሥሩ ያለው ብረት በናፍጣ ነው የሚለቀለቀው። የተቃጠለው ዘይትም ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ግን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈሳል። የአማ ጥያቄ እዚህ ቢሮ ሦስት ቀን አነጋግሯል። ወይዘሮ ሂሩት፣ "እዚያ ስብሰባ ላይ መሐንዲሷ እኔ አልነበርኩም፤ ያቺ ሴት ነበረች" ብለው ሲናገሩ ሰማሁ። እናቴ ናት ለማለት አፈርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ መዝገብ ቤት ነኝ። ወረቀት ሲመጣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ አስገብቼ በክር አስራለሁ። አላነብም፤ ላንብብ ብልም ጊዜ የለኝም። የእናንተን ቃለ ጉባኤ ግን አነበብኩት። ገጽ 3 ላይ እንዲህ ይላል፦ "ከሜዳው በታች ያለው ምንጭ በክረምት ብቻ የሚፈስ ሲሆን ኅዳር ሲገባ ይደርቃል። ስለዚህ የሚጎዳ የውሃ ምንጭ የለም።" ከግርጌው ደግሞ፣ "አስተርጓሚ፦ መምህርት ጵርስቅላ ኤርሲዶ" ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቤታችን በታች ያለው ምንጭ ነው? እኔ ልጅ ሳለሁ ሚያዝያ ላይ እንኳ እስከ ጉልበቴ እገባበት አልነበረም? መቼ ነው የደረቀው? አምና፣ በድርቁ? ያመመው ሰው እንዳለ ሳይነገረኝ እንደቀረ ሆኖ ተሰማኝ።

ነገሩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። ለሥራው ገንዘብ የሚያበድሩት ሰዎች ደንብ አላቸው። ከቦታው በታች በጋ ከክረምት የሚፈስ ምንጭ ካለ የባቡሩ ግቢ እዚያ አይሠራም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። የሚደርቅ ከሆነ ግን ይሠራል። እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

ወንድምሽ ኤሊያስ


ከፎንቆ አጠገብ
ታኅሣሥ 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣ ሳልህ እንዴት ሆነ? ጤናዳም በማር አድርገህ ጠጣበት። አዲስ አበባ ማሩ ስኳር ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?

እዚህ ሁሉ ደህና ነው። የአክስታችን ልጅ ትርፊት ወደ ሙዱላ ተዳረች፤ ሙሽራው ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ሲስቅ ያምርበታል። ገበያ ላይ ቅቤ ተወዷል። አማ አዲስ የቆጮ ጉድጓድ ቆፍራለች፤ ለወገቧ አዝኜ ብቆጣት፣ "ወገቤ ሲቆፍር ነው የሚድነው" አለችኝ። የአራተኛ ክፍል ልጆቼ ባቡር ሳሉ ብላቸው ግማሾቹ ጆሮ አውጥተውለታል። አንዷ ጭራሽ ጡት ጨምራለታለች፤ ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ የሚሄድ እናት ካልሆነ ማን ነው አለችኝ። አሥር ከአሥር ሰጠኋት።

ሌላ ምን ነበር የጠየቅከኝ? ወረቀቱም አለቀብኝ። አማ ትስምሃለች።

ጵርስቅላ


አዲስ አበባ
ጥር 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

እህቴ ጵርስቅላ፣

ስለ ሙሽራው ጥርስ ጻፍሽልኝ። ስለ ቅቤ ጻፍሽልኝ። ባቡር ጡት እንዳለውም ነገርሽኝ። ስለ ምንጩ አንድ መስመር የለም! ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ፤ ዕቃ የሰበርሽ ቀን ነው እንዲህ ወሬ የሚበዛልሽ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ይዞልሽ የሚመጣው የሆሳዕናው አውቶቡስ ሹፌር ፋንታሁን ነው፤ ከእሱ እጅ ወደ እጅሽ ነው የሚገባው፤ በመካከል የሚከፍተው የለም። መልሱንም በእሱ ላኪው። ዳር ዳር ማለቱን ትተሽ እውነቱን ንገሪኝ።

ኤሊያስ


ከፎንቆ አጠገብ
ጥር 13 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ምንጩ አልደረቀም። አምና በዚያ ድርቅ፣ ሰው ከሦስት ቀበሌ አህያውን እየነዳ ሲመጣ እንኳ አልደረቀም። አሁንም፣ ይህን ስጽፍልህ፣ ድምፁ እስከ መስኮቴ ይሰማል።

ስማኝና ከዚያ በኋላ ተቆጣ። ጥቅምት ላይ፣ የናንተ ሰዎች ሳይመጡ፣ የመንደር ምሥረታ ኮሚቴ መጥቶ ነበር። ሕዝቡ ከየጓሮው ተነስቶ አንድ ላይ በመሥመር ይሰፍራል፤ መንደሩም የሚመሠረተው በበጋ የማይደርቅ ውሃ ባለበት ነው ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ጠና ደብተሩን ይዞ፣ "እንዲህ ያለ ውሃ የት አለ?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ጓሮውን እያሰበ ነበር። እንሰት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ስድስት ዓመት ያሳደግኸው በአንድ ቀን ሲነቀል ማሰብ ነው። በዚህ መሐል አማ ተነሳች። "ያ ከታች ያለው ይደርቃል። ኅዳር ሲገባ እንቁራሪት እንኳ አያድርበትም" ብላው ቁጭ አለች።

ትልቅ ሰው በሸንጎ የተናገረውን እዚያው ማፍረስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ደግሞስ ማን ሊያፈርሰው ይፈልጋል? አንድ በአንድ እየተነሱ፣ "እልፍነሽ እንዳለችው ነው" አሉ። ኮሚቴውም ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄደ። እኛም ተገላገልን ብለን ሳቅን።

በወሩ እናንተ መጣችሁ። ወይዘሮ ሂሩት ስለ ምንጩ ሲጠይቁ ያው ጓድ ጠና፣ ያንኑ ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ከጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አሁን አይደርቅም ቢባል የጥቅምቱ ምን ሊባል ነው? አማ ያንኑ ደገመችው። ሕዝቡም ደገመው፤ ወርዶ ያየ እንግዳ የለም። እኔም አስተረጎምኩት። ያን ጠዋት ፊቴን የታጠብኩት በዚያው ውሃ ነበር። አፌ አማርኛውን ሲያወጣ ጆሮዬ አፈረ። የሚደርቅ ከሆነ ባቡሩ እንደሚመጣበት ግን ማናችንም አላወቅንም። ለባቡሩም ውሃ ፈልገው መስሎን፣ ብንደብቀው የሚሄዱልን መስሎን ነበር።

አሁን በተራዬ ልጠይቅህ። ወረቀቱ ይታረማል? ቢታረም በእኔ ላይ ምን ይመጣል? አማ ስለ ዘይቱ ከነገርኳት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። "ያጠጣኝን ውሃ አማሁት" ትላለች። የሰው ስም እንዳጠፋች ነው የያዛት።

ጵርስቅላ


አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

አልተቆጣሁም። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ፤ አልደረቀም ማለትሽን ብቻ ደጋግሜ አነበብኩት። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው።

ወይዘሮ ሂሩትን የሌላ አገር ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩኝና፣ "የአባትህ ስም ኤርሲዶ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ምንም ሳይጠይቁ እንደሚታረም ነገሩኝ። አንደኛ፣ ውሃው መለካት አለበት፤ አገሩ በጣም በደረቀበት ሰዓት፣ በልጉ ሳይገባ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከአፉ ላይ ደግነሽ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በሰዓት ትይዣለሽ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን። ሁለተኛ፣ ይደርቃል ብለው የተናገሩት ሰዎች ራሳቸው፣ በስብሰባ ቃላቸውን ለውጠው መፈረም አለባቸው። ሪፖርቱ መጋቢት 15 ይዘጋል። ከዚያ በፊት ከደረሰ ይገባል።

በአንቺ ላይ ምን ይመጣል ላልሽኝ፣ ምንም አይመጣም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ስምሽ ወረቀቱ ላይ አለ። ከሥራ ሊያስወጣሽ ይችላል። ሌላም አለ፤ ሌላውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እውነቱ ከተነገረ ባቡሩ ይርቃል፤ መንደሩ ግን እናንተ ላይ ይመጣል። ካልተነገረ መንደሩ ይርቃል፤ ባቡሩ ከነዘይቱ ይመጣል። ይህን ምረጡ ለማለት አፍ የለኝም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ውሃ አንድ ኩባያ ያልጠጣሁ ሰው ነኝ። አማ አልፈልግም ካለች ደብዳቤዬን አቃጥይው።

ኤሊያስ


ከፎንቆ አጠገብ
የካቲት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ለካሁት። አርባ አንድ ሰከንድ፣ አርባ ሰከንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ። ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን። ሜዳው እንደ አውድማ ደርቆ፣ ከብቱ አፈር እየላሰ፣ ምንጩ ግን አርባ አንድ! ወንድም ጋሼ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የምጠጣውን ውሃ እንዲህ አይቼው አላውቅም። ከድንጋዩ ሥር በሁለት አፍ ነው የሚወጣው፤ አንተ ታውቅ ነበር? የግራው ከቀኙ ይቀዘቅዛል። ለምን ይመስልሃል? መሐንዲሶቻችሁን ጠይቅልኝ።

በሁለተኛው ቀን አማ መጣችና ከኋላዬ ቆመች። "ምን ብለሽ እየጠየቅሽው ነው?" አለችኝ። ትደርቃለህ ወይ እያልኩት ነው አልኳት። "ምን አለሽ?" አለች። አርባ አንድ አለኝ አልኳት። አርባ አንድ ብዙ ይሁን ጥቂት አልጠየቀችኝም። ቁጭ ብላ እጇን ነከረች፤ አለቀሰችም።

አማ ካልፈለገች ደብዳቤህን እንዳቃጥለው ብለህ ነበር። ያንተን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። "ስለዚህ ወይ ሰው ይመጣብኛል፣ ወይ ዘይት ይመጣብኛል" አለች። አዎ አልኳት። በሦስተኛው ቀን እንሰቱን እየፋቀች፣ ድንገት ቀና ብላ፣ "ከሰው ጋር እጣላለሁ፣ እታረቃለሁ። ከዘይት ጋር በምን ቋንቋ እጣላለሁ?" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ።

ስለ እኔ አነሳሁባት። እናቴ ሆይ፣ ሥራዬ አለ፣ ስሜ አለ አልኳት። ፍርሃቴን አልደበቅኳትም፤ ከአንተም አልደብቅም። እሷም፣ "ውሸቱ የኔ ነው፤ አንቺ አፌ ነበርሽ። አፍ አይታሰርም፣ የሚታሰረው ባለቤቱ ነው" አለች። አይ እማዬ! በዚህ ዘመን መጀመሪያ የሚታሰረው አፍ መሆኑን ማን በነገራት።

ቃል የሚመለሰው በተነገረበት ቦታ ነው። ስለዚህ እዚያው፣ ዝግባው ሥር፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ለይቅርታ ለምለም ሣር ይዛ ልትቆም ነው። ለጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ነግራቸዋለች። የሚከተላት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ማንም እሺም እንቢም አላላትም። እሑድ ነው። ጸልይልን።

ጵርስቅላ


ከፎንቆ አጠገብ
መጋቢት 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ቴሌግራምህ ደርሷል። "ምን ሆናችሁ" ብቻ ብለህ መላክህ! የፖስታ ቤቱ ሰውዬ የሞተ ሰው ያለ መስሎት እያዘነ ነው የሰጠኝ። አለን። ማንም አልታሰረም።

አማ ምን እንዳለች ልንገርህ፤ ለጎረቤቶቿ የነገረችውን ነው ያለችው፤ አንድ ቃል አልጨመረችም። ሣሩን ይዛ፣ "ውሃው አይደርቅም። ይደርቃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ ነው" አለች። ጓድ ጠና ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያም፣ ባቡር ወደ ኋላ ይሄዳል ወይ ያሉት ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተነሱ። "እኔም ተሳስቼ ነበር፤ ተመልሻለሁ" አሉ። ከእሳቸው በኋላ ሁሉም። ስልሳ አንድ ሰው ተነሳ!

ጓድ ጠና ምን አደረገ? ይህን በደንብ አንብበው። ጠና የማን ልጅ ነው? የዚሁ አገር ልጅ ነው። አምና በድርቁ ከብቶቹን የት ያጠጣ ነበር? እዚያው! ጥቅምት ላይም ኅዳር ላይም ያውቅ ነበር። የራሱ እንሰት ከእናታችን አጥር አይርቅም። ለካ እሱም ደብተሩን የዘረጋው ፈርቶ ኖሯል። ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ጓዶች፣ በተደረገው ተጨማሪ ጥናት ይህ ምንጭ በዛሬው ዕለት ተገኝቷል" አለ። እኛም አጨበጨብን። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚፈስ ውሃ የካቲት 23 ቀን ተገኘ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ልስቅ ስል አማ ቆነጠጠችኝ።

ስልሳ አንድ የጣት ፊርማ ያለበት ወረቀት ከመለኪያዬ ጋር በፋንታሁን እጅ እነሆ። ከ15 በፊት ይደርሳል።

የቀረው ወሬ ደስ አይልም፤ ግን ጠይቀኸኛል። የመንደሩ ኮሚቴ በሳምንቱ መጣ። ችካሉ ተተክሏል። እኔንም "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ሞርሲቶ ትምህርት ቤት አዛውረውኛል። መባረርን ለጠበቀ ሰው ሞርሲቶ ሠርግ ነው። ብቻ አማ ለብቻዋ መቅረቷ ያንገበግበኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።

ጵርስቅላ


አዲስ አበባ
ግንቦት 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአማና ለእህቴ፣

ሁለት ወር ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ሥራም በዝቶብኝ አይደለም። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ምክንያቱን ለመጻፍ አፍሬ ነው፤ አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

ባቡሩ ቀርቷል። እናንተ ዘንድ ብቻ አይደለም፤ ጭራሹን ቀርቷል። አበዳሪዎቹ ገንዘቡን አንሰጥም አሉ፣ ጥናቱም ይቁም ተባለ። ትእዛዙ የተፈረመው ሐሙስ የካቲት 20 ቀን ነው። አማ ሣር ይዛ ከመቆሟ ሦስት ቀን በፊት ማለት ነው። እኔ እጅ የገባው ሰኞ መጋቢት 1 ነው፤ ገቢ ብዬ ቁጥር የሰጠሁት ራሴ ነኝ። በተፈረመበት ቀን ቢደርሰኝ ኖሮ ቴሌግራም እልክ ነበር፤ አማ ባልተነሳች፣ መንደሩም ባልመጣ፣ አንቺም ሞርሲቶ ባልሄድሽ። በማይመጣ ባቡር ምክንያት ጓሯችሁን አስነቀልኩ። እኔ ባልጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

የስልሳ አንዱ ሰው ፊርማ ሲደርሰኝ ፋይሉ ተዘግቶ ነበር። በተዘጋ ፋይል ውስጥ ወረቀት ማስገባት በእኛ ቤት ክልክል ነው፤ ያስቀጣል። ወረቀታችሁ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከፍቼ አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

አማ ምን አለች? ቤቱ ፈረሰ? እንሰቱስ? ይቅርታ ብጠይቅ ትሰማኛለች?

ኤሊያስ


ከፎንቆ አጠገብ
ሰኔ 1 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይህ ደብዳቤ የእልፍነሽ ነው። የምትጽፈው ጵርስቅላ ናት። ከራስሽ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ ብያታለሁ። (እሺ ብያለሁ። ጵ.)

ልጄ ኤሊያስ፣

ቤቴ ፈርሷል ወይ ብለሃል። ፈርሶ ተሠርቷል። ከመሥመር በአሥራ ሁለት እርምጃ ወጥቷል ብለው አፈረሱት፤ በአሥራ ሁለት እርምጃ! አሁን በመሥመር ነኝ፣ እንደ ወታደር። እንሰቴ ግማሹ ተነቅሏል። ያን ቀን አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። አፈር እየጎረስኩ ነው ያለቀስኩት። (እውነት ነው፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ጵ.) ችግኙን ግን አዛውሬ ተክያለሁ፤ ይዟል። አንተ ስድስት ዓመት ቆይተህ ብትመጣ ትበላዋለህ። ከዚያ በላይ ቆየህ እንጂ መቼስ!

መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው የመጣብኝ። ከሁሉም ጋር ተጣልቻለሁ። ቀጂ ከላይ፣ አጣቢ ከታች፣ ከብት ከዚያ በታች ብዬ ድንጋይ አስተክያለሁ። ከፎንቆ ወዲያ የመጣች አንዲት ገነቴ የምትባል ሴት ልብሷን ከላይ ልታጥብ ስትል ባልዲዋን ወረወርኩባት። አሁን ወዳጄ ናት፤ ቅቤ ታመጣልኛለች። ባቡር እንዲህ ያደርጋል? ስለዚህ መንደሩ መጣባት ብለህ ለኔ አታልቅስልኝ።

ባትጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ላልከው ግን ተቆጥቻለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደህና ናችሁ ወይ ብቻ ነበር የምትለው። መጀመሪያ ጊዜ ነገር የጠየቅከን ዘንድሮ ነው። በጠየቅከኝ ነገር ላይ ይቅርታ አትበለኝ።

ባቡሩ ቀረ ብለሃል። ዛሬ ይቅር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቀረ የመንግሥት ነገር ተመልሶ ሲመጣ ነው ያየሁት። ባቡር ባይሆን ሌላ ይመጣል። በዚያን ጊዜ እኔ አፈር ነኝ፣ ጠናም አፈር ነው፣ ሽማግሌዎቹም የሉም። የሚመጡት ሰዎች እኔን አያገኙኝም፤ የሚያገኙት አንተ ያሰርከውን ወረቀት ነው። ከፍተው ሲያነቡት ምን ይላል? ይደርቃል ይላል። እልፍነሽ ተናገረች ይላል። ልጇ አስተረጎመች ይላል።

እህትህ ሥራዋን አስይዛ ነው የቆመችው። እኔ በስተርጅና በሰው ፊት ዋሽቼ ነበር ብዬ ነው የቆምኩት። ስልሳ አንድ ሰው ጣቱን ቀለም ነክሯል። አንተ የስልሳ አንድ ሰው ቃል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠህ ክልክል ነው ትለኛለህ? እኔ ማን ፈቅዶልኝ ነው የተነሳሁት?

ክሩን ያሰርከው አንተ አይደለህም? ፍታው።

እናትህ እልፍነሽ

(አንድ ቃል አልጨመርኩም ማለት ይቻላል። ትናንት ለካሁት፤ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ዝናብ ገብቷል። ጵርስቅላ)


አዲስ አበባ
ሰኔ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአማ፣

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከቀትር በኋላ ቢሮው ባዶ ነበር። ክሩን ፈታሁት። ወረቀታችሁን ከገጽ 3 ቀጥሎ አስገባሁት፤ 3-ሀ የሚል ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ የገባ መሆኑን፣ ያስገባሁትም እኔ መሆኔን ከግርጌው ጽፌ ስሜን ፈርሜበታለሁ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ውሸት እንዳልጨምርበት ብዬ ነው። ሰኞ ለወይዘሮ ሂሩት እነግራቸዋለሁ። የሚሉኝን አላውቅም።

መልሼ ሳስረው ቋጠሮው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ጵርስቅላ ይህን ስታነብልሽ ትሳቅብኝ፤ ይገባኛል።

አሁን ገጽ 3 ይደርቃል ይላል፤ ገልበጥ ሲያደርጉት አይደርቅም ይላል። ከሥሩ ስልሳ አንድ ጣት አለ። የመጀመሪያው ያንቺ ነው፤ ቀለሙ በዝቶ ትንሽ ፈሷል።

ክረምቱ ሲወጣ ከፋንታሁን ጋር እመጣለሁ። የግራው አፍ ለምን ከቀኙ እንደሚቀዘቅዝ መሐንዲሶቹን ጠይቄ ነበር፤ አያውቁም። መጥቼ እጄን እነክርበታለሁ።

ልጅሽ ኤሊያስ